የመንገዱ ዕድሜ በቦዩ ይለካል

መንገድ ለአንድ አገር የደም ሥር ነው የሚለው አነጋገር ከመደጋገሙ የተነሣ ጆሮ የለመደው፣ ልብ ግን የማያብላላው ሆኗል። በዚህ የደም ሥር ውስጥ የሚመላለሰው የሰፊው ሕዝብ ላብ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። አንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት የሚነጠፈው በውጭ ምንዛሪ በሚገዛ ሬንጅና ናፍጣ፣ በድንጋይ ፈላጩ ክንድ፣ ዳምጠው በሚነዳው ሠራተኛ ድካምና ሕዝቡ በሚከፍለው ግብር ነው። ለአሥራ አምስትና ለሃያ ዓመት ታስቦ የተሠራ መንገድ ገና በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ክረምት ሲፈረካከስ የሚባክነው ይኸው ድካምና ገንዘብ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበራትንና ሠራተኞችን በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ በዚህ ገጽ ልናነሣው ወደናል።

ለምሳሌነት ባሕር ዳርንና የጣናን ዳርቻ መርጠናል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደቡባዊው ጠርዝ የተዘረጋችው ይህች ከተማ ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ስትመሰገን ኖራለች፤ በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ሌላ ግርማ ጨምሮላታል። ይሁን እንጂ ለብስክሌተኛው ምቾት የሆነው ሜዳነቷ ለአስፋልቱ ፈተና ነው። ተዳፋት ያገኘ ውሃ ይሄዳል፤ ሜዳ ያገኘ ውሃ ይተኛል። በአካባቢው በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድ ሲሆን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ውስጥ የሚጠቃለል ነው። አኃዙ ትርጉም ለማይሰጠው አንባቢ በሌላ መንገድ እናስላው፤ 10 ሜትር ስፋትና 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ጎዳና በዓመት 14 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ በጀርባው ላይ ይወርድበታል። ይህ ከየጣሪያውና ከየግቢው የሚጨመርበትን ሳንቆጥር ነው።

ከላይ የሚወርደው ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ በቀለለ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ወንዞቹ ከየአቅጣጫው ሲሞሉበት ቀስ እያለ ከፍ ይልና፣ ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ባየለበት ወቅት ሳይሆን ከቀነሰ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራውና ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን ፍሰት የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ይህን ከፍና ዝቅ ማለት ለወጠው እንጂ አላስቀረውም። በዳርቻው ባሉት ዝቅተኛ ሰፈሮች ከመሬት በታች ያለው ውሃ ለገጹ ቅርብ ስለሆነ፣ አደይ አበባ ፈክቶ ሰው ሁሉ ክረምቱ አለፈ በሚልበት ጊዜ የመንገዱ መሠረት ገና እንደ ራሰ ፍራሽ ነው። ክረምት የሚያልፈው ለእኛ እንጂ ለአስፋልቱ አይደለም።

አስፋልት ጥቁርና ጠጣር በመሆኑ ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸከመው እርሱ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ የሌሎች ስሕተቶች ሁሉ እናት ነው ብንልም ማጋነን አይሆንብንም። ከላይ የምናየው ጥቁር ንጣፍ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ያለው ሲሆን፣ ዋና ሥራው ለጎማ ልስላሴ መስጠትና ከሥሩ ላለው አካል ጣሪያ መሆን ነው። ሸክሙን ተቀባብለው የሚያወርዱት በደረጃ የተደለደለው የተፈጨ ጠጠር፣ ከጠጠሩ በታች ያለው የተመረጠ አፈር፣ በመጨረሻም ራሱ መሬቱ ናቸው። የጭቃ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ምን እንደሚደርስበት ለገበሬውም ለከተሜውም መንገር አያሻም።

መሬቱ ደግሞ በጣና ዙሪያ ጠባየኛ ነው። በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች፣ በባሕር ዳር ዙሪያም በየስፍራው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው፣ በክረምት በሬ የሚያሰምጠው ይኸው አፈር ነው። ገበሬው ጠባዩን አውቆ እንደ ጠባዩ ያርሰዋል። መንገድ ሠሪው ግን በላዩ ላይ የማይነቃነቅ ነገር ማስቀመጥ ስላለበት፣ ወይ አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በሌላ ይተካዋል፣ ወይ በኖራና በመሳሰለው ያክመዋል። ሁለቱም ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ከተሸፈኑ በኋላ አይታዩም። ለማጭበርበር የሚመቹትም ስለማይታዩ ነው። በመንገዱ ጠርዝ በኩል ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ሲታይ፣ ከሥር ያለው ዋልካ ከዳር በኩል በበጋ እየደረቀና እየሸሸ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያመለክታል።

ውሃ አስፋልቱን የሚያጠፋበት አሠራር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፀሐይና አየር ሬንጁን ያደርቁታል፤ እንደ ታሸ ቆዳ የነበረው እየጠጠረ ይሄድና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ። በዚህ ደረጃ ላይ በጥቂት ወጪ፣ በአንድ በርሜል ሬንጅና በአራት ሠራተኞች የቀን ሥራ ሊደፈኑ ይችላሉ። ካልተደፈኑ ግን ዝናቡ ይገባል። ከባድ ጎማ ሲያልፍ በስንጥቁ ውስጥ ያለውን ውሃ በኃይል ይገፋዋል፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ይስበዋል። ይህ መግፋትና መሳብ ሳያቋርጥ ሲደጋገም ሬንጁ ከድንጋዩ ይላቀቃል፤ ከሥር ያለው ደቃቅ አፈርም ከውሃው ጋር እየተተፋ ይወጣል። ከዝናብ በኋላ በስንጥቅ ዙሪያ ጭቃ ተረጭቶ የሚመለከት ሰው የመንገዱን አንጀት እያየ መሆኑን ይወቀው። ጉድጓዱ ከዚያ ወዲያ ሩቅ አይደለም።

ጥፋተኛው ማነው ተብሎ ሲጠየቅ በየሻይ ቤቱ የሚሰማው መልስ «ባጃጅ በዝቶ ነው» የሚል ነው። ባጃጅ የሚወቀስበት ሌላ ብዙ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ይህ ግን የእርሱ ዕዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በተባለች ከተማ አጠገብ ታላቅ የመንገድ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። የጦር ሠራዊት ሾፌሮች ልዩ ልዩ ክብደት የጫኑ መኪናዎችን ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መንገድ ላይ ሲያመላልሱ ከርመው፣ አክስሎቹ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንዲያልፉበት ተደርጓል። ከዚያ የተገኘው ስሌት በአገራችን የመንገድ ንድፍ መመሪያም ውስጥ መሠረት ሆኖ ይሠራበታል። በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ሳይሆን 16 ጊዜ ያህል ይሆናል። 1 ቶን በተሸከመ አክስልና 10 ቶን በተሸከመ አክስል መካከል ያለው የጉዳት ልዩነትም 10 እጥፍ ሳይሆን 10,000 እጥፍ ነው። ከዓባይ በረሃ ማዶ ሲሚንቶ፣ ብረትና ማዳበሪያ ጭኖ የሚመጣ ባለ ተሳቢ ከተፈቀደለት በላይ ጥቂት ቶን ሲደርብ ባለንብረቱ የሚያገኘው ትርፍ ከየትም አልመጣም፤ ከሕዝቡ መንገድ ላይ የተቆረሰ ነው። በሚዛን ጣቢያ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ አንድን ትርፍ ጭነት አይቶ እንዳላየ ሲያሳልፍ ለአንድ ሾፌር ውለታ የዋለ ይመስለው ይሆናል። ውለታው የተከፈለው ግን በሌላው ኪስ ነው።

ከዚሁ ሙከራ የተገኘ፣ ብዙ የማይወራለት ሌላ ትምህርት አለ። ጭነቱም መንገዱም ያው ሆኖ ሳለ ጉዳቱ የከፋው በጸደይ፣ በረዶው ቀልጦ መሠረቱ በውሃ በራሰባቸው ሳምንታት ነበር። እኛም በትምህርት ምክንያት በቆየንበት በሰሜኑ አገር፣ በየጸደዩ በደካማ መንገዶች ላይ ከባድ መኪና ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሄድ ሲከለከል እናይ ነበር፤ በጊዜው የቢሮክራሲ ጣጣ መስሎን ማጉረምረማችንን አንደብቅም። ካሜሩንን በመሳሰሉ የአፍሪካ አገሮችም በጠጠር መንገዶች ላይ ዝናብ ሲጥል ከባድ መኪና የሚያግዱ ኬላዎች ተተክለው ይሠራባቸዋል። የእኛ የበረዶ መቅለጫ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በየከተማው ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የሰፈር መንገዶች ላይ አሸዋና ድንጋይ የጫነ ገልባጭ በእነዚህ ሁለት ወራት እንዳይገባ ለመከልከል አንድ ሳንቃና አንድ ቆራጥ የቀበሌ ኮሚቴ ይበቃል።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከከተማ ውጪ ያለውን ትግል ያሳያል። ጉማራንና ርብን እየተሻገረ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል። ሜዳው በሩዝ የታወቀ ነው፤ ሩዝ ደግሞ የሚወደው የተኛ ውሃ ነው። ገበሬው ውሃውን በማሳው ሊያቆየው ይፈልጋል፣ መንገዱ ሊሄድለት ይፈልጋል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ማፈናቀላቸው አይዘነጋም። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎቹ ካነሱ ወይም በደለል ከተደፈኑ ሳይወድ ግድብ ይሆናል። በአንድ ጎኑ የታቆረው ውሃም ወደ ሆዱ ይሰርጋል። ስለዚህ የቱቦ አፍ መጥረግ ለገበሬው ማሳም ለመንገዱም የሚበጅ ሥራ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በተፈጥሮና በጭነት መኪና ላይ መደፍደፍ ግን ለሥራ ተቋራጩና ለተቆጣጣሪው ሽፋን መስጠት ይሆናል። ትኩስ አስፋልት ከማደባለቂያው የሚወጣው በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ወደ 80 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ዳምጠው ቀኑን ሙሉ ቢመላለስበት አይጠጋጋም። ሸራ ሳይለብስ ብዙ መንገድ የተጓዘ ወይም ካፊያ እየጣለ የተነጠፈ አስፋልት በዓይን ሲታይ ከደኅናው አይለይም፤ በውስጡ ግን የአየር ቀዳዳ ይበዛበታል። ባለሙያዎች የሚሠሩበት ግምት አለ፤ ቀዳዳው ከንጣፉ 7 በመቶ ካለፈ በኋላ በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር የንጣፉ ዕድሜ በ10 በመቶ ገደማ ያጥራል። እንግዲህ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አስቀድሞ ታውጆ ሥራው ለዕለቱ እንዲደርስ በሰኔ ዝናብ ሲጣደፍ፣ በምረቃው ዕለት የሚጨበጨበው ለግማሽ ዕድሜ ነው። የቀዘቀዘውን አስፋልት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው አካፋና መጥረጊያ ይዞ የቆመው ሠራተኛ ነው፤ ክንዱ ይነግረዋል። ይህ ሠራተኛ «ቀዝቅዟል፣ ይመለስ» ለማለት የሚችልበት፣ በማለቱም ከሥራው የማይባረርበት የሥራ ቦታ ከብዙ ላቦራቶሪ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደየደጃፋችን እንመለስ። በዚህ ረገድ የምንናገረው ደስ የሚል አይሆንም።

ቦይ የተሠራው ለመንገዱ ነው። ሆኖም በየሰፈሩ ቦዩ የፌስታል፣ የውሃ ላስቲክ፣ የጫት ገረባና የአመድ ማጠራቀሚያ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ ግቢ ሲሠራ መኪና ለማስገባት በበሩ ፊት ያለውን ቦይ በድንጋይና በአፈር ይደፍነዋል፤ ከሥሩ ቱቦ ለመቅበር የሚያስፈልገውን ጥቂት ወጪ ይሸሻል። በዚያ ቦታ ላይ የቆመው ውሃ የላይኛውን ጎረቤት ግቢ ያጥለቀልቅና አስፋልቱን ተሻግሮ መሄጃ ይፈልጋል። አሥር ቤት ያለበት መንገድ ላይ ሦስት እንዲህ ያለ በር ከተገኘ ያ መንገድ ቦይ የለውም ማለት ነው፤ መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ቢያሰምረውም የለውም። ከግቢ የሚለቀቀው የልብስ አጠባና የአተላ ፍሳሽ ደግሞ ክረምት በጋ ሳይል የመንገዱን ጠርዝ እርጥብ አድርጎ ያኖረዋል። በበጋ መድረቅና መጠንከር የነበረበት መሠረት ዕረፍት አያገኝም።

ጋራዥና ላቫጆ ያለባቸው ሰፈሮችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሬንጅ ከነዳጅ የወጣ ነገር በመሆኑ ናፍጣና የሞተር ዘይት ሲፈስበት ይሟሟል። መኪና ቆሞ በሚጠገንበት ደጃፍ አስፋልቱ ሟሙቶ ጠጠሩ በእጅ እስኪለቀም ድረስ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ሠሪው ደግሞ አሸዋና ጠጠሩን አስፋልት ላይ ገልብጦ፣ ሲሚንቶውን እዚያው ላይ አብኩቶ፣ የተረፈውን በውሃ እየገፋ ወደ ቦይ ይልከዋል። በማግሥቱ ቦዩ ውስጥ የሚገኘው ኮንክሪት ነው። በዶማም አይወጣም።

ስለ ቁፋሮ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በከተማዪቱ አንድ ሰፈር የተነጠፈ መንገድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር ለቧንቧ ሲቆረጥ አይተናል። ጉድጓዱ በአካፋ ተሞልቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ በላዩ ጥቂት ጠጠር ተበትኖበት ተተወ። ከዓመት በኋላ ስንመለስ ቦታው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሸለቆ ሆኖ አገኘነው። ነዋሪው ውሃ እንዲያገኝ መቆፈሩ ተገቢ ነው፤ ያልተገባው ቧንቧው ከአስፋልቱ በፊት አለመቀበሩና የተቆፈረው በስሱ ተነባብሮ አለመጠቅጠቁ ነው። ውሃ የሚዘረጋው፣ ስልክ የሚዘረጋውና መንገድ የሚሠራው ክፍል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለአንድ ቀን ቢቀመጡ የሚድነው ገንዘብ ብዙ ነው። አገሩ የአንድ ሕዝብ ሆኖ ሳለ ቁፋሮው የሦስት መንግሥት ይመስላል።

ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ገቢ እያገኘ ለመንገድ ጥገና እንዲያውል የታሰበ ነበር፤ ይህም በየነዳጅ ማደያው የሚከፍለው ሕዝብ የመንገዱን ሕክምና አስቀድሞ ከፍሏል ማለት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት እንደገለጸው፣ በ85 ታዳጊ አገሮች ውስጥ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በማይበልጥ ወቅታዊ ጥገና ሊድኑ ይችሉ የነበሩ መንገዶች ሳይጠገኑ በመቅረታቸው መልሶ ለመሥራት ከ40 እስከ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቁ ሆነዋል። አንዷን ብር የሰሰተ ከሦስት ብር በላይ ከፈለ ማለት ነው። ያውም ብድሩን የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን ልጁ ነው። አዲስ መንገድ ሪባን ስላለው ጋዜጠኛ ይጠራበታል፤ ስንጥቅ ሲደፈን ማንም አይጠራም። እኛም የሙያ ባልደረቦቻችንም በዚህ በኩል ከነቀፋ ነፃ አይደለንም፤ ምረቃ ለመዘገብ የተጓዝነውን ያህል ቦይ ሲጠረግ ለማየት አልወጣንም።

ከሰኔ በፊት የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። ደለልና ቆሻሻ የሚወጣው አሁን፣ ደረቅ ሳለ ነው፤ የወጣውም በቦዩ ከንፈር ላይ ተቆልሎ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ እንዳያስገባው በዕለቱ መነሣት አለበት። በበሩ ፊት ቦይ የደፈነ ጎረቤት በስብሰባ ላይ ከመወቀሱ በፊት ቱቦ የሚገዛበት መላ ቢፈለግለት ይሻላል፤ የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ፣ ግንበኛው ጉልበቱን ሰጥቶ፣ በአንድ እሑድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የሐምሌ ዶፍ በወረደ ዕለት ከየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው ጃንጥላና ደብተር ይዞ ይውጣ። ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ አስፋልቱ ላይ ውሃ ቆሞ የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ በየቤት ቁጥሩ ይጻፍ። ዝርዝሩም በማግሥቱ ጠዋት፣ ከተማዪቱ ገና ሳትደርቅ፣ የመንገድ ሥራውን በሚመራው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።